ጠብታዋ መሳቢያ ውስጥ ስታድር

ከዩኒቨርሲቲ ወጥተን ሥራ በያዝንበት ሰሞን፣ በተመደብንበት ክፍል አንድ ልማድ ነበር። የተፈረመ ደብዳቤ ለብቻው አይወጣም። ተላላኪው «ለአንዲት ወረቀት እግሬን አላደክምም» ስለሚል፣ ሌሎች እስኪጨመሩበት ድረስ መሳቢያ ውስጥ ይከርማል። የሰኞው ደብዳቤ ሐሙስ ይሄድ ነበር። አዲስ ገቢዎች ነበርንና መጀመሪያ ገረመን፤ ኋላም ለመድነው፤ ጥቂት ስንቆይ ደግሞ እኛው ራሳችን «ይጠራቀምና ይሂድ» ማለት ጀመርን። ደብዳቤው አብዛኛውን ጊዜ የወንበርና የወረቀት ጥያቄ ስለ ነበር በመዘግየቱ የሞተ ሰው የለም።

ይህን ትዝታ የቀሰቀሰብን የጨቅላ ሕፃናት የደም ምርመራ ታሪክ ነው። በብዙ አገሮች ሕፃኑ በተወለደ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ገደማ ተረከዙ በትንሽ መርፌ ይወጋና ጥቂት የደም ጠብታዎች በወፍራም ማጣሪያ ወረቀት ላይ ይንጠባጠባሉ። ደሙ ወረቀቱ ላይ ይደርቃል፤ ስምና አድራሻ ይጻፍበትና ወደ ላቦራቶሪ ይላካል። የሚፈለገው፣ ሕፃኑ ሲወለድ ምንም ምልክት የማያሳይ በዘር የሚወረስ ጉድለት ነው፤ ይኸውም ሰውነት የተመገበውን ወደሚጠቅመው ነገር የሚለውጥበት አንዱ ኢንዛይም መጉደሉ ነው። አባትና እናት ፍጹም ጤነኞች ሊሆኑ ይችላሉ። ልጁም ያማረና የደላው መስሎ ይወለዳል።

የነገሩ ጥንስስ በኖርዌይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1934 አንዲት እናት ሁለት ልጆቿን ይዛ በኦስሎ ወደ ዶክተር አስቢዮርን ፎሊንግ ቀረበች። ልጆቹ ሲወለዱ ደኅና ነበሩ፤ እያደር ግን አእምሯቸው ወደ ኋላ ቀረ። እናትየዋ ከሐኪም ወደ ሐኪም ስትዞር ዓመታት አልፈዋል፤ ከልጆቿ ገላ የሚወጣውን እንግዳ ሽታ ምን እንደ ሆነ የሚነግራት አላገኘችም። ፎሊንግ ከሕክምናው በፊት ኬሚስትሪን የተማሩ ሰው ነበሩና ሽንታቸውን ወስደው ፌሪክ ክሎራይድ የተባለውን ውሕድ ጠብ ቢያደርጉበት ጥልቅ አረንጓዴ ሆነ። ያልጠበቁት ቀለም ስለ ነበር ምክንያቱን እስከ መጨረሻው ተከታተሉት። ኋላ እንደ ተረጋገጠው፣ በሥጋ፣ በእንቁላል፣ በወተትና በጥራጥሬ ውስጥ ያለውን ፌኒልአላኒን የተባለ ንጥረ ነገር የሚለውጠው የጉበት ኢንዛይም በእንዲህ ያሉ ልጆች ዘንድ ሥራውን አይሠራም፤ ንጥረ ነገሩም በደም ውስጥ እየተከማቸ አንጎልን ይጎዳል። በሽታው ዛሬ ፌኒልኬቶኑሪያ ይባላል። ለሁለቱ ልጆች ግን የተረፈው ስሙን ማወቅ ብቻ ነበር።

ስም ከተገኘ በኋላ መድኃኒቱ ሃያ ዓመት ገደማ ቆየ። በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም የሕፃናት ሆስፒታል ዶክተር ሆርስት ቢክል ይሠሩበት ወደነበረው ላቦራቶሪ አንዲት እናት ጧት ጧት እየመጣች «ለልጄ አንድ ነገር አድርጉላት» ትል ነበር። ሕክምና የለውም ቢሏትም አልተመለሰችም። ቢክልና ባልደረቦቻቸው በእርሷ ግፊት ፌኒልአላኒን የተጣራለት ምግብ አዘጋጁ፤ ሁለት ዓመት ያህል የሆናት ልጅም መንቃትና መዳህ ጀመረች። ከዚያ በኋላ ለእናትየዋ ሳይነግሩ የተጣራውን ንጥረ ነገር መልሰው ጨመሩባት፤ ልጅቱ በጥቂት ቀን ውስጥ ያገኘችውን አጣች። በዚህም ሕክምናው እውነተኛ መሆኑ ታወቀ፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ1953 ታተመ። እናትን ደብቆ እንዲህ ማድረግ ዛሬ ያስጠይቃል፤ በእኛም ዘንድ ያን ጊዜም ቢሆን ሊያስጠይቅ ይገባ ነበር።

እንግዲህ ምግቡ ከተገኘ የቀረው ልጁን ቀድሞ ማወቅ ነው። የሽንቱ ምርመራ ግን ሕፃኑ ሳምንታት ካለፉት በኋላ ካልሆነ አይሠራም፤ እስከዚያ አንጎሉ መጎዳት ይጀምራል። ይህን ቋጠሮ የፈቱት በአሜሪካ፣ በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት በምትገኘው በባፋሎ ከተማ ይሠሩ የነበሩት ዶክተር ሮበርት ጋትሪ ናቸው። የራሳቸው ልጅ የአእምሮ እድገት ጉድለት ነበረበት፤ የዘመድ ልጅ ደግሞ በፌኒልኬቶኑሪያ ተጎድታ ነበር። ዘዴያቸው ቀላል ነው። ባክቴሪያ እንዳይራባ የሚከለክል ነገር በተጨመረበት መደብ ላይ ደም የደረቀበት ትንሽ የወረቀት ክብ ያስቀምጣሉ። በደሙ ውስጥ ፌኒልአላኒን ከበዛ ክልከላውን ያሸንፍና በወረቀቱ ዙሪያ ባክቴሪያው እንደ ቀለበት ያድጋል፤ ካልበዛ ምንም አይታይም። ያገር ቤት እናት እርሾውን አይታ ሊጡ መነሣቱን እንደምታውቀው፣ የላቦራቶሪው ሠራተኛም ቀለበቱን አይቶ ይለያል።

የማሳቹሴትስ ክፍለ ግዛት ምርመራውን እ.ኤ.አ. በ1962 ጀምሮ በ1963 በሕግ አጸናው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በ29 ክፍላተ ግዛት ከተመረመሩት ከ400,000 በላይ ሕፃናት መካከል 39 ተገኙ። ከአሥር ሺሕ አንድ ማለት ነው። «ለአንድ ልጅ አሥር ሺሕ ተረከዝ ይወጋልን?» የሚል አይጠፋም፤ ነገር ግን ያ አንድ ልጅ ሳይታወቅ ቢቀር ዕድሜውን ሙሉ የሰው እጅ ጠባቂ ይሆናል። ከ1990ዎቹ ወዲህ ደግሞ በአዲስ መሣሪያ ከዚያችው ጠብታ በአሥሮች የሚቆጠሩ በሽታዎችን በአንድ ጊዜ ለይቶ ማወቅ ተችሏል።

ይህን ሁሉ ያተትነው ሳይንሱን ለማወደስ አይደለም። ሳይንሱ ድርሻውን ከፈጸመ ከርሟል። የቀረው የእኛ የጸሐፊዎቹ፣ የመዝገብ ቤቶቹና የተላላኪዎቹ ሥራ ነው፤ ነገሩም የተበላሸው በዚያ በኩል ነው።

እ.ኤ.አ. በኅዳር 2013 ሚልዋኪ ጆርናል ሴንቲኔል የተባለው የአሜሪካ ጋዜጣ ረጅም ምርመራ አወጣ። በ2012 ብቻ ቢያንስ 160,000 የጨቅላ ደም ናሙናዎች ላቦራቶሪ የደረሱት ዘግይተው ነበር። ምክንያቱ የመሣሪያ እጥረት አይደለም። አንዳንድ ሆስፒታሎች የፖስታ ወጪ ለመቆጠብ ብለው ወይም እንዲያው በልማድ ናሙናዎቹን እያጠራቀሙ ይልኩ ኖሯል። ሌሎቹ ዘንድ ናሙናው በቶሎ ቢወጣም ላቦራቶሪው ቅዳሜና እሑድ ይዘጋል፤ በዓል ከተደረበበት ደግሞ ሦስት አራት ቀን ያድራል። አንባቢያችን መሳቢያችንን አስታወሱን?

የቀን ትርጉሙ ምን እንደ ሆነ ለመረዳት ጋላክቶሴሚያ የተባለውን በሽታ ማየት ይበቃል። በዚህ በሽታ የተያዘ ሕፃን የወተትን ስኳር መለወጥ አይችልም፤ ስለዚህ የእናቱ ጡት ራሱ ይመርዘዋል። በጥቂት ቀናት ውስጥ ያስታውከዋል፣ ዓይኑ ቢጫ ይሆናል፣ ጉበቱ ይደክማል፣ በደሙ ውስጥ ኢንፌክሽን ይገባና ሊሞት ይችላል። መፍትሔው ወተቱን ማቆምና በአኩሪ አተር የተዘጋጀ ምግብ መስጠት ነው። ሐሙስ የተወሰደ ደም ማክሰኞ ቢመረመር፣ በመካከሉ እናትየዋ በፍቅር እያጠባች ልጇን የምትጎዳባቸው አምስት ቀናት አሉ ማለት ነው። ይህን የሚያደርግባት ክፉ ሰው አይደለም፤ ዓርብ ከቀትር በኋላ ፖስታውን ለሰኞ ያስቀመጠ ጨዋ ሠራተኛ ነው።

ከዚህ በኋላ የተደረገው ደግሞ ሊጠና የሚገባው ነው። የአሪዞና ክፍለ ግዛት የጤና ባለሥልጣን የእያንዳንዱ ሆስፒታል ናሙና በስንት ቀን እንደሚደርስ ከነስሙ ለሕዝብ ያወጣ ጀመር።  ናሙናዎቹም በቶሎ መድረስ ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ የጸናው የፌዴራል ሕግም የጊዜውን ጉዳይ አስገባበት።

ሌላም የመዝገብ ጉድለት አለ። ቀድሞ ሐኪሞች አንጎል ካደገ በኋላ ምግቡ ይበቃል ብለው ስለሚያምኑ ልጆቹ አምስት ስድስት ዓመት ሲሞላቸው ያስተዉአቸው ነበር፤ ፋይሉም ይዘጋ ነበር። ሴቶቹ ልጆች ጤነኞች ሆነው አደጉ፣ ተማሩ፣ አገቡ። ሲያረግዙ ግን በደማቸው የተከማቸው ፌኒልአላኒን፣ በሽታው የሌለበትን ጽንስ አንጎልና ልብ ይጎዳ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1980 ይህ በሰፊው ሲታወቅ፣ ከእርግዝና በፊት ወደ ምግቡ እንዲመለሱ እነዚያን ወጣት ሴቶች መፈለግ ግድ ሆነ። ምግቡ ደግሞ ቀላል አይደለም፤ በእኛ ገበታ ብናስበው ሥጋው፣ ወተቱ፣ ሽሮውና ምስሩ ቀርቶ እንጀራው ራሱ በሚዛን የሚበላ ነው። ዛሬ ምክሩ ዕድሜ ልክ እንዲያዝ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ጨቅላን ሁሉ የሚያዳርስ እንዲህ ያለ ምርመራ ገና አልተዘረጋም። «ሕፃናት በሳንባ ምችና ሲወለዱ በመታፈን በሚሞቱበት አገር ይህ ቅንጦት ነው» የሚሉ ሐኪሞች ሲኖሩ አንንቃቸውም። ሁሉን በአንድ ጊዜ እንጀምር የሚለውንም አንደግፍም። ነገር ግን የታይሮይድ ዕጢ በተፈጥሮ አለመሥራት ከሁለት ሺሕ እስከ አራት ሺሕ ሕፃናት አንዱን ያጠቃል፤ በካናዳ በኩቤክ ዶክተር ዣን ዱሶ ምርመራውን በ1970ዎቹ ከጀመሩት ወዲህ ብዙ አገሮች ተከትለዋቸዋል። ሕክምናው በየቀኑ የምትወሰድ ርካሽ ክኒን ናት፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ከተጀመረች አእምሮን ታድናለች። ቢጀመር በዚህ ቢጀመር እንላለን።

ወረቀቱም ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ኤች አይ ቪ በደማቸው ካለባቸው እናቶች የተወለዱ ሕፃናትን ለመመርመር የደረቀ የደም ጠብታ ከጤና ጣቢያ እስከ ላቦራቶሪ ሲጓዝ ኖሯል፤ የኢትዮጵያ ፖስታም አመላላሽ ሆኖ አገልግሏል። መንገዱ አለ ማለት ነው። ስለዚህ ነገ እንዲህ ያለ ዕቅድ በአንዱ ወጣት ባልንጀራችን ጠረጴዛ ላይ ቢመጣ፣ የመሣሪያውን ዋጋ ከመጠየቁ በፊት እነዚህን እንዲጠይቅ እንሻለን፤ እናት በወለደች ማግስት ወደ ቤቷ ብትሄድ ደሙን ማን ይወስዳል? ቤቷ የወለደችውንስ ማን ይደርስባታል? ውጤቱ ክፉ ሲሆን ስልክ የሌላትን እናት ፈልጎ የሚያገኛት የየትኛው ቀበሌ ሠራተኛ ነው? ክኒኑ በወረዳው መድኃኒት ቤት አለን? ላቦራቶሪውንስ በፋሲካ ማግስት የሚከፍተው ማን ነው?