ዳሌው ሳይታይ እርቅ አይፈረም



ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ጉሊት ቸርቻሪ እናታችን ዋናው መንገድ ዳር በሚኒባስ ተገጭተው ዳሌያቸው መሰበሩን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ገና ሆስፒታል ተኝተው ሳሉ የመኪናው ባለቤት ሽማግሌ ላከ። ከሽማግሌዎቹ መካከል እኛም ነበርንበት። ሰውየው የመጀመሪያውን ሕክምና ወጪ ችሎ ጥቂት ሺህ ብር ጨመረ፤ እሳቸውም «ከእንግዲህ ምንም ጥያቄ የለኝም» የሚል ወረቀት ፈረሙ። እኛም መርቀን ተነሣን። ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላ ግን እግራቸው አላራምድ አላቸው። ሐኪሙ ራጁን አይቶ «መገጣጠሚያው በሰው ሠራሽ መተካት አለበት» አለ። ታዲያ ገንዘቡ ከየት ይምጣ? ወረቀቱ እንደሁ ተፈርሟል። እኒያ እናት ዛሬም በምርኩዝ ናቸው።

ባለቤቱን ብቻ ብንወቅስ ራሳችንን ማታለል ይሆናል። ያቻኮልናቸው እኛ ነን።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጭን አጥንት ከዳሌ ጋር የሚገጥምበት ስፍራ ሲሰበር ወይም ሲወልቅ ለአጥንቱ ራስ ደም የሚያደርሱት ሥሮች ሊጎዱ ይችላሉ። ደም ያጣ አጥንት ቀስ በቀስ ይሞታል። ይህ ደግሞ ወዲያው አይታይም፤ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይፈጃል። የተተካውም መገጣጠሚያ ቢሆን ዕድሜ አለው፤ ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ያገለግላል። ተጎጂው ወጣት ከሆነ ሁለተኛ ቀዶ ጥገና ይጠብቀዋል ማለት ነው።

ሕጉ ይህን አስቀድሞ አስቦበታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 መኪናው ላደረሰው ጉዳት፣ የነዳው ሌላ ሰው ቢሆንም እንኳ፣ ባለቤቱን ኃላፊ ያደርጋል። በአንቀጽ 2092 ደግሞ ወደፊት መድረሱ እርግጠኛ የሆነ ጉዳት እስኪደርስ ሳይጠበቅ ካሳ ይከፈልበታል ይላል። እንግዲህ ሐኪሙ «ይህ ዳሌ መቀየሩ አይቀርም» ብሎ በጽሑፍ ከሰጠ ወጪው ከወዲሁ ሊጠየቅ ይችላል። ነገር ግን ክስ ማቅረቢያው ጊዜ በአንቀጽ 2143 መሠረት በመደበኛው ሁለት ዓመት ነው። የእርቅ ውል ከተፈረመ ደግሞ በአንቀጽ 3312 በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ይቆጠራል። ብዕር ከማንሣት በፊት ይህን ማወቅ ያሻል።

በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 ባለመኪና ሁሉ የሦስተኛ ወገን መድን እንዲገባ ያስገድዳል። የመድኑ ክፍያ ጣሪያ አለው፤ ከጣሪያው የተረፈውን ጉዳት ግን ከባለቤቱ መጠየቅ ይቻላል። ገጭቶ ለጠፋ ወይም መድን ለሌለው መኪናም የመድን ፈንድ ተቋቁሟል። ስለዚህ «ታርጋውን አላየሁም» ብሎ ቤት መዋል አይገባም።

«ድኻ በምን አቅሙ ይከሳል?» የሚል አይጠፋም። አቅም የሌለው ሰው ይህንኑ አስረድቶ የዳኝነት ሳይከፍል እንዲከስ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከአንቀጽ 467 ጀምሮ ይፈቅዳል። ጠበቆችም በነጻ የማገልገል ግዴታ አለባቸው። የዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤቶች ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ፤ ለሴቶችና ለሕፃናት ደግሞ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አለ። የጎደለው በሩን የሚያሳይ ሰው ነው።

ሽምግልና ይቅር ማለታችን አይደለም። ሾፌሩም የሰው ልጅ ነው፤ ፍርድ ቤትም ያመላልሳል። ሆኖም እርቅ የሚያምረው ጉዳቱ ከታወቀ በኋላ ነው። የቸኮለ እርቅ ሸክሙን ከባለመኪናው አንሥቶ በተጎጂው ትከሻ ላይ መጫን ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ ይህንን ሐሳብ እናቀርባለን። አንደኛ፣ የሠፈራችን ሽማግሌዎች ሐኪሙ ስለ ወደፊቱ በጽሑፍ ሳያስረዳ ተጎጂን ከማስፈረም ይታቀቡ። ሁለተኛ፣ አስቀድሞ መታረቅ ግድ ከሆነ «ወደፊት ለሚያስፈልገው የዳሌ ቀዶ ጥገና የመጠየቅ መብት የተጠበቀ ነው» የሚል ቃል ውሉ ውስጥ በግልጽ ይግባ። ሦስተኛ፣ ሦስት ሰዎች ተመርጠው የተጎጂውን የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርት፣ ራጅ፣ የሐኪም ማስረጃና ደረሰኝ በማሰባሰብ እስከ ሕግ ድጋፍ ሰጪው ድረስ አብረው ይሂዱ።

እድራችን ስንሞት ይቀብረናል፤ እሰየው። በሕይወት ሳለን ወድቀን ስንገኝስ ማን ያነሣናል? መልሱን በስብሰባው ላይ እንጠብቃለን፤ እንዳትቀሩ።

የሠፈሩ ማኅበር አመራር ኮሚቴ