ቦርዱ ሌላ፣ ከርነሉ አንድ

በኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል ያለችው ሐርተሼክ ስሟ የገነነው እ.ኤ.አ. ከ1988 እስከ 2004 ከሰሜን ሶማሊያ የሸሹ ስደተኞችን ባስጠለለው ግዙፍ ካምፕና በድንበር ንግዷ ነው። በእንዲህ ያለ ገበያ ሞባይል የሚጠግን ሰው አንድ ጣጣ ያውቃል፦ መልካቸው ቁርጥ አንድ የሆነ ሁለት ስልኮች ይመጡለታል፤ አንዱን ያስነሳው የፍላሽ ፋይል ሌላውን ድንጋይ ያደርገዋል። ውስጡ ያለው ቦርድ ሌላ ነዋ!

ጥፋቱ የጠጋኙ አይደለም። አንድሮይድ የቆመበት የሊኑክስ ከርነል፣ ማለትም የሥርዓቱ እምብርት፣ የትኛው ቺፕ የት እንደተቀመጠ ካልተነገረው ስክሪኑን እንኳ አያበራም። ድሮ ይህ መረጃ ለየቦርዱ በከርነሉ ኮድ ውስጥ ይጻፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ ኤአርኤም ለተባለው የስልኮች ቺፕ ዓይነት የተከመረውን ዝርክርክ ኮድ አይቶ በአደባባይ ተቆጣ። ከዚያ ወዲህ የቦርዱ ዝርዝር ከከርነሉ ወጥቶ «ዲቫይስ ትሪ» በሚባል የራሱ ፋይል መቀመጥ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2012 መጨረሻ የወጣው ሊኑክስ 3.7 አንዱን ከርነል በብዙ ዓይነት የኤአርኤም ቦርድ ላይ ለማስነሳት በር ከፈተ።

ታዲያ አንዳንድ የርካሽ ስልክ አምራቾች የቦርዳቸውን ፋይል ለምን ይደብቃሉ? የከርነሉ ፈቃድ፣ ጂፒኤል፣ ኮዱን ለገዢው መስጠትን ያስገድዳል። ፋይሉ ቢገኝ የጅግጅጋ ወጣት በአሮጌ ስልክ ላይ አዲስ ከርነል ለመጫን ይሞክር ነበር፤ የስልኩ ማስነሻ ፕሮግራም (ቡትሎደር) ካልተቆለፈበት ማለት ነው።