ደላላው የማን ነው?

ቤት ለመግዛት የተነሣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ምንድን ነው? ካርታ አይደለም፤ መዝገብም አይደለም። «የምታውቀው ጥሩ ደላላ አለ?» ነው የሚለው። መልስ ደግሞ አይጠፋም። «አለ እንጂ! ያገራችን ልጅ፤ አባቱን ሳይቀር አውቃቸዋለሁ፤ ጨዋ ቤተሰብ ናቸው።» በቃ፣ ደላላ ተመረጠ! በሬ ስንገዛ እንኳ አፉን ፈልቅቀን ጥርሱን አይተን ነው። የዕድሜ ልክ ጥሪታችንን የምናስይዘውን ሰው ግን በአባቱ መዝነን እናሳልፈዋለን። እኔ እንደሚመስለኝ ደላላ የሚመረጠው በጨዋነቱ ሳይሆን በሚከፈልበት መንገድ ነው።

እስቲ ነገሩን ከሰሃላ እንጀምረው። ሰሃላ ሰየምት የዋግ ኽምራ የተከዜ ቆላ ነው። በ2016 ዓ.ም. ድርቁ ሲጸና ስሙን በየዜናው ሰማን፤ ከዚያ ረሳነው። እዚያ ፍየል አርብቶ፣ ቀፎ ሰቅሎ የኖረ አባወራ «ሰቆጣ ላይ ሁለት ክፍል ቤት ልግዛ» ቢል ለቅንጦት አይደለም። ልጆቹ ከተማ ገብተው እንዲማሩ፣ ምጥ የያዛት ሴት ለሆስፒታል እንድትቀርብ፣ የሚቀጥለው ድርቅ ሲመጣ መጠጊያ እንዲኖረው ነው። ገንዘቡስ ከየት መጣ? ከድርቁ ከተረፉ ከብቶች፣ ለዓመታት ከተሸጠ ማር፣ ዓረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ከላከችው። በአንድ ቤት ተታልሎ ሌላ የሚገዛ ባለጸጋ ይኖር ይሆናል። የሰሃላው ሰው ግን ይህን ገንዘብ ሁለተኛ አያገኘውም።

አሁን ወደ ሂሳቡ። ደላላ ክፉ ነው እያልኩ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ እንኳ ደላላን ነጋዴ ብሎ ነው የሰየመው፤ የጽድቅ ማኅበር አላለውም። በልማድ ብዙ ጊዜ ከሻጭ ሁለት በመቶ፣ ከገዢ ሁለት በመቶ ይቀበላል። ቤቱ 800 ሺህ ብር ነው እንበል። ደላላው ከሁለቱም ወገን 32 ሺህ ብር ያገኛል። ለእናንተ ተከራክሮ ዋጋውን 100 ሺህ ብር ቢያስቀንስ ድርሻው ወደ 28 ሺህ ይወርዳል። ለእናንተ ስለደከመ 4 ሺህ ብር ተቀጣ ማለት ነው! «ኧረ ይሄ ቤት የፍርድ ቤት እግድ አለበት፣ ባንክ ይዞታል» ብሎ እውነቱን ከነገራችሁ ደግሞ 32 ሺውም ሄደ። እንግዲህ ጨዋነቱን በየቀኑ በ32 ሺህ ብር የምንፈትነው ይህን ሰው ነው። ሲወድቅ ደግሞ «ደላላ!» ብለን እንሳደባለን።

ያገር ልጅነቱስ? እሱማ ነገሩን ያባብሰዋል። ባዕድ ቢሆን «ወረቀቱን አሳየኝ» እንለዋለን። ያገር ልጅ ሲሆን ይሉኝታ ይይዘናል፤ «አልታመንኩም ማለት ነው?» ብሎ እንዳይቀየም እንሰጋለን። ሻጩን ሳናገኝ ቀብድ በደላላው እጅ እንሰጣለን።

ከዚያ ምክሩ ይመጣል። አንደኛው «ታክሱ እንዲቀንስ ውሉ ላይ ዋጋውን ዝቅ አድርገን እንጻፈው» የሚለው ነው። ገዢው 800 ሺህ ከፍሎ 300 ሺህ ብሎ ይፈርማል። ታክሱ የሻጩ ነው፤ አደጋው ግን የገዢው! ነገ ውሉ ቢፈርስና «ገንዘቤን መልሱልኝ» ቢል፣ ወረቀቱ የሚመሰክርለት 300 ሺውን ነው። የቀረውን ለማስረዳት በየችሎቱ ሲንከራተት ደላላው አብሮት አይቆምም።

ሁለተኛው ምክር ከከተማው ዳር ያለ የገበሬ መሬት ነው፤ «ርካሽ ነው፤ ኋላ ካርታ ይወጣለታል» ይባላል። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። የሚሸጠው ቤቱ ነው። ካርታ የሌለው ባዶ መሬት የገዛ ሰው የገዛው የደላላውን ቃል ብቻ ነው፤ ቃል ላይ ደግሞ ግድግዳ አይቆምም። በየከተማው የጨረቃ ቤት ሲፈርስ ያየነው እንባ በአብዛኛው እንዲህ ያለ ቃል ያመጣው ነው።

የኛ ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካ ውስጥም «የገዢው ደላላ ከሻጩ ኪስ ለምን ይከፈላል?» ተብሎ ክስ ተመሥርቶ፣ በ2016 ዓ.ም. መጋቢት የአገሪቱ ትልቁ የደላሎች ማኅበር 418 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ከዚያ ወዲህ በዚያው ስምምነት መሠረት ገዢው ቤት ለማየት ከመሄዱ በፊት ከደላላው ጋር ክፍያውን በጽሑፍ ይዋዋላል። እነሱ ደላላው ጨዋ ይሁን አይሁን አልተከራከሩም። የተከራከሩት ማን ይከፍለዋል በሚለው ላይ ነው።

ታዲያ የሰሃላው አባወራ ምን ይበል? «ወንድሜ፣ የምትሠራው ለእኔ ነው ወይስ ለሻጩ? ለሁለታችንም ከሆነ እንግዲያው አንተ የሻጩ ነህ» ይበለው። ክፍያው በመቶኛ ሳይሆን በቁርጥ ገንዘብ ይሁን፤ የሚከፈለውም ስም ከዞረ በኋላ። ይህን ሰምቶ የሚሸሽ ደላላ ራሱን አስመረመረ ማለት ነው፤ ይሂድ። ቀብድ ከሻጩ ጋር ፊት ለፊት በጽሑፍ ይሰጥ። ሕጉ ቀብድ ተቀብሎ ውል ያፈረሰ አጥፎ ይመልስ ይላል፤ ሻጩ በሌለበት የተሰጠን ቀብድ ግን ማን አጥፎ ይመልሰዋል? የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲመዘገብ ያዛል። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ሚስቱም ትፈርም፤ የጋራ ቤት በአንድ ሰው ፊርማ አይሸጥም። «እሷ ተስማምታለች» የሚል የደላላ ምስክርነት ፊርማ አይሆንም።

ይህን ሁሉ ስንል ግን አንድ ሰው በጸጥታ አምልጦናል፤ ማዘጋጃ ቤት። ቤቱ የማን እንደሆነ፣ ዕዳና እግድ ይኑርበት አይኑርበት የሚያውቀው ፋይል ያለው እዚያ ነው። ደላላው በእርግጥ የሚሸጠው ምን መሰላችሁ? ፋይሉን የሚያውቅ ሰው ማወቁን! ባለሥልጣኑ ስብሰባ ላይ «ገበያውን ያበላሹት ደላሎች ናቸው» ሲል እሰማለሁ። ደላላውን የቀጠረው ማን ሆነና? ከሰሃላ የመጣ ሰው ሰቆጣ ውስጥ በዘመድ ቤት ወይም በኪራይ አልጋ ነው የሚያድረው፤ «ነገ ተመለስ» በተባለ ቁጥር ከቤቱ ዋጋ ላይ እየተቀነሰበት ነው። በሦስተኛው ቀን «እኔ ላስጨርስልህ» የሚል ሰው በር ላይ ቢያገኝ ለምን ይፈርዱበታል? ገዢና ሻጭ አብረው ቀርበው፣ የተወሰነ ክፍያ በደረሰኝ ከፍለው፣ የቤቱን ባለቤትነትና ዕዳ የሚገልጽ ማኅተም ያረፈበት አንድ ገጽ በዚያው ቀን ቢወስዱ ምን ይጎድላል? ፋይሉ እንደሆነ አለ፤ ማኅተሙም አለ። የደሞዝተኛው ወንበርም በመንግሥት ገንዘብ የተገዛ ነው።