ፖምፓውን ከመንካታችሁ በፊት ክዳኑን እዩት

አዲስ አበባ ውስጥ አሮጌ የናፍታ ፒካፕ ያለው ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄና ሁለት መካኒክ አለው። ጥያቄው «ጭነት ስይዝ ዳገት ላይ ለምን ትሞትብኛለች?» የሚል ነው። አንደኛው መካኒክ «የናፍታ ፖምፓውን ትንሽ ልክፈትልህ» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ «ተርሞስታቱን አውጥተህ ጣለው፣ እሱ ለፈረንጅ አገር ብርድ የተሠራ ነው» ይላል። እኛ ሁለቱንም ሰምተናል። ሰምተን ብቻ ብንቀር ጥሩ ነበር፤ ሁለቱንም አደረግን። ይህን የምንጽፈው እንግዲህ ቴስታታ ከሰነጠቅን በኋላ ነው።

አባባ ያስረከበን ሃይሉክስ ባለ 2.8 ሊትር 3ኤል ሞተር ናት፤ ተርቦ የላትም። ከኋላዋ የኮንክሪት ሚክሰር አስረን ከሳይት ሳይት እንጎትታለን፤ ሚክሰሩን በቀን ሒሳብ እናከራያለን። እሷ ከቆመች ሚክሰሩ ቆመ፣ ሚክሰሩ ከቆመ የሦስት ሰው እንጀራ ቆመ። «ሽጧትና አዲስ ግዙ» የሚለን ወዳጅ አይጠፋም። በ2012 ዓ.ም. የኤክሳይዝ ታክስ አዋጁ ከወጣ ወዲህ መኪና ዋጋ ጠይቆ እንደሆነ እንጃለት። እኛ ያለችንን ማስታመም ነው የያዝነው።

ስታስታምም የሚያታልልህ ነገር ጉልበትና ሙቀት ሁለት የተለያዩ በሽታዎች መምሰላቸው ነው። በግምት ብንናገር ከሚነደው ናፍታ ሲሶው ጎማ ላይ ይደርሳል፣ ሲሶው በማርሚታ ይወጣል፣ ሲሶው ደግሞ ውሃውንና ዘይቱን ያሞቃል። ስለዚህ ለጎማው የጨመራችሁትን ያህል ጉልበት ራዲያተሩም ላይ ጫናችሁ ማለት ነው። የድሮዎቹ 2ኤል፣ 3ኤልና 5ኤል ደግሞ ናፍታው መጀመሪያ ቴስታታው ውስጥ ባለች ትንሽ ክፍል የሚነድባቸው ሞተሮች ናቸው። በዚህ የተነሳ ወደ ውሃው የሚሄደው ሙቀት ይበዛል፤ ቴስታታቸው ቶሎ መሰንጠቁ ስም ያወጣውም በከንቱ አይደለም። እንግዲህ ማቀዝቀዣው ሳይስተካከል ጉልበት መጨመር የተቀደደ ጆንያ ላይ ጤፍ መገልበጥ ነው።

ከዚያ ደግሞ ከፍታው አለ። ፋብሪካው ለ3ኤል «90 የፈረስ ጉልበት ገደማ» ሲል የባሕር ዳርቻ አየር ይዞ ነው። (ባሕር ዳር ማለታችን አይደለም፤ እሷም 1,800 ሜትር ላይ ናት።) እኛ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ሆነን የምንስበው አየር የዚያን ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር ደግሞ ያገኘውን አየር ያህል ብቻ ነው የሚሠራው። ፖምፓው ሲከፈት የሚጨመረው ናፍታ እንጂ አየር አይደለም። ትርፉ ናፍታ ጥቁር ጭስ ሆኖ ከኋላ ያለውን ሰው ያለብሰዋል፣ ፒስተኑንና ቴስታታውን ያግላል። ለሳምንት ያህል «ተነሳች!» ትላላችሁ። እኛም ብለን ነበር።

አሁን ወደ ክዳኑ። የራዲያተር ክዳን አናቱ ላይ ብዙ ጊዜ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር አለው፤ የሚይዘው ግፊት ልክ ነው። አዲስ አበባ ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ጤነኛ ክዳን የሚይዘው ግፊት ሲታከልበት ግን ከ110 ዲግሪ እስኪያልፍ አይፈላም። የክዳኑ ጎማ ደርቆ ወይም ስፕሪንጉ ላልቶ ከሆነ ያ 20 ዲግሪ ያህል መጠባበቂያ የለም ማለት ነው። ይህን ይዛችሁ ቀጥሎ ያለውን አስተያዩት፤ 82 የሚል የተጻፈበት የቶዮታ ተርሞስታት በ82 መከፈት ይጀምርና ሙሉ ለሙሉ የሚከፈተው ወደ 95 ሲደርስ ነው። ክዳኗ የሞተባት መኪና እንግዲህ ተርሞስታቱ ተከፍቶ ሳይጨርስ ልትፈላ ትችላለች! ተወንጃዩ ግን ተርሞስታቱ ይሆናል። እኛ ጥፋቱ የክዳኑ መሆኑን ያወቅነው ራዲያተር ከሚበይዱ አንድ ጋሼ ነው። ክዳኑን በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን አድርገው «ልጆቼ፣ ይኼ እኮ የጀሪካን ክዳን ሆኗል» አሉን። ከገዛናቸው ዕቃዎች ሁሉ ርካሹ እሱ ነበር።

ተርሞስታቱን ማውጣት ለምን እንደማያዋጣም እንናገር። ብዙ ሞተሮች ላይ ተርሞስታቱ ወደ ራዲያተር የሚወስደውን በር ሲከፍት፣ ውሃውን በአቋራጭ ወደ ሞተሩ የሚመልሰውን ቀዳዳ ይዘጋል። አውጥታችሁ ስትጥሉት አቋራጩ ክፍት ይቀራል፤ ከውሃው ከፊሉ ራዲያተሩን ሳያየው እዚያው ይዞራል። ለማቀዝቀዝ የተደረገው ነገር ዳገት ላይ የሚያግል ይሆናል፤ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ሞተሩ እስኪሞቅ ናፍታ ይፈጃል። ከተጠራጠራችሁ ድስት ውስጥ ቀቅላችሁ ፈትኑት፣ መከፈት ሲጀምር ታዩታላችሁ። (የእናታችሁን ድስት አይደለም። እኛ እስካሁን አልታረቅንም።)

ብዙ ሰው ፈጽሞ የማያየው ግን የቬንቲሌተሩን መከለያ ነው። ራዲያተር በተፈታ ቁጥር መከለያው ይፈታል፣ አንድ ቀን ብሎን ይጠፋል፣ ከዚያ መከለያው ራሱ ጋራዥ ጥግ ይቀራል። ያለ እሱ ቬንቲሌተሩ አየር የሚስበው በራዲያተሩ በኩል ሳይሆን ከየጎኑ ነው፤ ኮፈኑ ስር ያለውን የጋለ አየር መልሶ መላልሶ ያዞራል። መኪናዋ በፍጥነት ስትሄድ ነፋሱ ስለሚያግዝ አይታወቅም። ሚክሰር እየጎተተች በ20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ዳገት ስትወጣ ግን ያለችው በዚያ ቬንቲሌተር ብቻ ነው። የኛ መከለያ መቼ እንደጠፋ አባባም አያስታውሱም። ቆርቆሮ ሠራተኛ ጋ ሄደን በካርቶን ልክ አስወጥተን አሠራን፤ የቬንቲሌተሩ ቢላዎች ግማሽ በግማሽ ውስጡ እንዲገቡ፣ ዙሪያውን ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ክፍተት እንዲተርፍ አደረግን። ልዩነቱን ሙቀት ጌጁ ላይ በዚያው ቀን አየነው።

ቬንቲሌተሩ መሐል ላይ በሲሊኮን ዘይት የሚሠራ ፍሪሲዮን ካለውም እሱን ፈትሹት። ሞተሩን አሙቃችሁ አጥፉትና በእጅ አዙሩት፤ እምቢ እያለ መዞር አለበት። ዝም ብሎ ከተሽከረከረ ዘይቱ አልቋል። አንዳንዱ በብሎን ይቸነክረዋል፤ ይሠራል፣ ግን ቀን ከሌት እየዞረ ያችኑ ያለቻችሁን ጉልበት ይበላል።

ራዲያተሩን ማጠብ ሳይነገርም የሚታወቅ ነው፤ ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ፣ በለሰለሰ ውሃ። የመዳብ ራዲያተር ተከፍቶ ቧንቧው ሊጠረግና ሊበየድ ይችላል። ከዚያ በኋላ ግን የቧንቧ ውሃ አትሙሉበት። ኩላንት ማለት አረንጓዴ ቀለም ማለት አይደለም፤ ዝገትና ቅርፊት እንዳይሠራ የሚያደርግ ነገር አለው።

ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው ስለ ጉልበት ማውራት የሚቻለው። እሱም በአብዛኛው የተወሰደባችሁን መመለስ ነው። የአየርና የናፍታ ፊልትሮ ቀይሩ፣ ኖዝሎቹን አስፈትሹ፣ ቫልቭ አስለኩ። አራቱንም ጎማ በክሪክ አንስታችሁ በእጅ አዙሩ፤ የኛ የኋላ ግራ ፍሬን ይዞ ነበር፤ ስንት ወር ከራሳችን ፍሬን ጋር ስንታገል እንደኖርን እንጃ። ደግሞ ያ የምንወደው ትልቅ ጎማ! ፎቶ ላይ ያምራል፤ እኛም ለፎቶ ነው ያስገባነው። ከ28 ኢንች ወደ 31 ኢንች ስታድጉ ግን መሬት ላይ ከሚደርሰው የመጎተት ኃይል አንድ አሥረኛ ገደማ ታጣላችሁ። ያን ወደ ቦታው መመለስ ፖምፓ ከመክፈት ይሻላል፤ ጭስም የለውም።

የአነዳዱ ነገር ደግሞ አንድ ሳንቲም አያስወጣም። ዳገት ላይ በሦስተኛ ማርሽ እያቃሰቱ መውጣት ናፍታ የሚቆጥብ ይመስለናል። የውሃ ፖምፓውና ቬንቲሌተሩ የሚዞሩት በሞተሩ ዙር ነው፤ ሞተሩ ሲያቃስት እነሱም ይደክማሉ። ቀድማችሁ ወደ ሁለተኛ አውርዱ፣ ቀስ ብላችሁ ውጡ። ጌጁ ከተነሳ ኤሲውን አጥፉና የካቢኑን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ክፈቱ፤ እሱም ትንሽ ራዲያተር ነው። ከአባይ በረሃ ወደ ደጀን ሚክሰር ይዘን ስንወጣ፣ በዚያ ሐሩር መስኮት ከፍተን ማሞቂያ ለኩሰን ነበር የወጣነው። ያየን ሁሉ ያበድን መስሎት ይሆናል፣ እኛ ግን ዳር ሳንቆም ደጀን ገባን። ብትፈላ ደግሞ ክዳኑን ወዲያው አትክፈቱ፣ ቀዝቃዛ ውሃም አትድፉባት። ቴስታታችን የተሰነጠቀው በዚያ ነው፤ ሁለት ሊትር የፕላስቲክ ውሃ፣ በጥድፊያ።

ተርቦስ? እውነቱን ለመናገር በዚህ ከፍታ የጎደለውን አየር የሚመልሰው እሱ ብቻ ነው፤ መኪናዋ ያላት ቴስታታ ግን እሱን አስቦ አልተሠራም፣ ዋጋውም «ርካሽ» ከሚለው ቃል ጋር አብሮ አይሄድም። ለጊዜው ትተነዋል። አሁን የያዘን ያ የቆርቆሮ መከለያ ነው፤ ሞተሩ ዙር ሲይዝ ይንጫጫል። ከአሮጌ ከመነዳሪ ጎማ ቆርጠን ከስሩ ልናስገባለት አስበናል።