እውነት የሚያናግር ድግምት የለም

ውድ እህት ወንድሞቼ፣ ባለፈው ሴሚስተር ዶርማችን ውስጥ የሆነውን ላጫውታችሁ።

የክፍሌ ልጆች ማታ ማታ ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የሚባል ጨዋታ ይጫወታሉ። እ.ኤ.አ. በ1974 አሜሪካ የወጣ፣ ዳይስ እየተጣለ በወሬ የሚካሄድ የተረት ጨዋታ ነው። አንዱ ታሪኩን ይመራል፤ ሌሎቹ ተዋጊ ወይም ድግምተኛ ሆነው ይገባሉ። አንድ ማታ ምርኮኛ ያዙ። ምርኮኛው ጓደኞቹ የት እንደተደበቁ አልናገርም አለ። አንዱ «እንግረፈው» ሲል ሌላው «ግርፊያ ነውር ነው፤ እኔ ድግምት አለኝ» አለ። በጨዋታው ሕግ እውነት የሚያናግር ድግምት አለ፤ የያዘው ሰው ዐውቆ መዋሸት አይችልም። ምርኮኛው ሁሉንም ዘከዘከ። ማንም አልተመታም፤ ሁሉም ተደሰተ።

ጨዋታው ሐላል ነው ሐራም የሚለውን ለዑስታዞቻችን እተዋለሁ። እኔን ያሳሰበኝ ከጨዋታው ወጥቶ ወደ ዶርማችን የገባው ሐሳብ ነው። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አንድ ስልክ ጠፋ። ጥርጣሬው አንድ የአንደኛ ዓመት ልጅ ላይ አረፈ። ማስረጃው ድህነቱ ብቻ ነበር። «ሁለት ጥፊ ይበቃዋል» ያለ አለ። «ለምን ይመታል? አዋቂ ቤት እንውሰደው፣ ያወጣዋል» ያለው ግን አብሮን የሚሰግድ ልጅ ነው። እኔ ዝም አልኩ። ይህን የምጽፈው ስለዚያ ዝምታዬ ነው።

እኔ የስማዳ ልጅ ነኝ። ወገዳ መድረሳ እየቀራሁ ሳድግ አያቴ ከአባታቸው የሰሙትን ስለ ሌባሻይ ያጫውቱን ነበር። ዕቃ የተሰረቀበት ሰው ሌባሻይ ያስመጣል። ሌባሻዩ ለአንድ ልጅ መድኃኒት ያጠጣዋል፤ ጭስም ያስምገዋል። ልጁ ራሱን ሲስት ወገቡ ላይ ገመድ ታስሮ ይለቀቃል። እየተንገዳገደ ሄዶ የገባበትና የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል፤ ይከፍላል። ይህ ነገር ድሮ በሀገራችን እንደ ዳኝነት ያገለግል ነበር፤ የውጭ ተጓዦችም ጽፈውታል። አያቴ ሲጨርሱ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይሉ ነበር፦ «ልጁ ሳይወድቅ የተመለሰበት ቀን የለም።»

ይህን ቃል የተረዳሁት ኢንጂነሪንግ ከገባሁ በኋላ ነው። ላብ ውስጥ አንድ መለኪያ ኤሌክትሪክ ባለበትም በሌለበትም «አለ» ካለን እንጥለዋለን፤ ምክንያቱም ምንም እየለካ አይደለም። የሌባሻዩ ልጅ ሁልጊዜ አንድ ቤት ይወድቃል። ጠንቋዩም አንድ ስም ይጠራል፤ «አላውቅም» ካለ ገበያው ይቀርበታል። የሚገረፍ ሰውም እስኪያቆሙለት ድረስ አንድ ነገር ይናገራል። ሦስቱም ያው የተበላሸ መለኪያ ናቸው። ጨዋታው የሚያታልለን እዚህ ላይ ነው። የጨዋታው መሪ ምርኮኛው በእርግጥ እንደሚያውቅና የሚናገረውም እውነት እንደሆነ አስቀድሞ ወስኖልናል። በዱንያ ላይ ግን እነዚያ ሁለቱ ናቸው ያልታወቁት።

ከዚህ ሁሉ በፊት ትምህርቱ በበድር ተሰጥቶናል። በሂጅራ 2ኛ ዓመት፣ ከጦርነቱ ዋዜማ፣ ሶሐቦች የቁረይሽን ውሃ ቀጂ ያዙ። እነሱ የሚፈልጉት የአቡ ሱፍያንን የንግድ ቅፍለት ነበር። ሰውየው ስለ ቅፍለቱ እንደማያውቅ፣ የመጣው የመካ ሠራዊት መሆኑን ነገራቸው። መቱት። «እሺ፣ ስለ አቡ ሱፍያን እነግራችኋለሁ» ሲል ተዉት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሶላታቸውን ሲጨርሱ፣ እውነት ሲነግራችሁ ትመቱታላችሁ፣ ሲዋሻችሁ ትተዉታላችሁ ብለው ወቀሷቸው። ይህ በሶሒሕ ሙስሊም የሚገኝ ነው። በሲራ መጻሕፍት እንደተዘገበው ደግሞ እሳቸው ራሳቸው ሲጠይቁ ሠራዊቱ በቀን ስንት ግመል እንደሚያርድ ጠየቁ። አንድ ቀን ዘጠኝ፣ አንድ ቀን ዐሥር ተባሉ። ከዚያም ሰዎቹ ከዘጠኝ መቶ እስከ አንድ ሺህ እንደሆኑ ገመቱ። ዱላም ድግምትም አላስፈለገም፤ ጥሩ ጥያቄና ሒሳብ በቃ።

«ታዲያ ድግምት ከዱላ አይሻልም?» የሚል አይጠፋም። በመጀመሪያ ሲሕር ከታላላቅ ወንጀሎች ነው፤ ዐራፍ ዘንድ ሄዶ የጠየቀ ሰው የአርባ ሌሊት ሶላቱ ተቀባይነት እንደሌለው በሐዲስ ተነግሮናል። ሁለተኛ፣ ሁለቱም የሰውየውን ፈቃድ ነጥቀው አፉን ብቻ ነው የሚፈልጉት። በሱረቱ ነሕል አላህ (ሱ.ወ) ልቡ በኢማን የረጋ ሆኖ ተገዶ የኩፍር ቃል የተናገረን ሰው ከቁጣው ለይቶታል። በግድ የወጣ የኩፍር ቃል እንኳ ካልተያዘበት፣ በግድ የወጣ «ሰርቄያለሁ» እንዴት ይያዝበታል? የሀገራችን ሕገ መንግሥትም በ1987 ዓ.ም. በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በራሱ ላይ እንዲያምን እንዳይገደድ፣ በማስገደድ የተገኘ ማስረጃም ተቀባይነት እንዳይኖረው ደንግጓል።

ስልኩ አልተገኘም። ልጁን አዋቂ ቤት አልወሰዱትም፤ እሱ ግን ዶርም ቀይሯል። መንገድ ላይ ሳገኘው ሰላምታዬን አንገቱን ደፍቶ ይመልሳል። ማንም አልመታውም፤ ግን ክፍሉ ሙሉ ሌባ ብሎት ነበር፣ አንድም ሰው አልተከራከረለትም። ዐውፍ በለኝ ልለው ይገባኛል፤ ኢንሻአላህ ይህ ጽሑፍ ሳይወጣ እለዋለሁ።

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ዕቃ ይጠፋል። ሲጠፋ ለፕሮክተርና ለጥበቃ እናመልክት፤ ማን ገባ፣ ማን ወጣ ብለን እንጠይቅ። ማስረጃ ማቅረብ የከሳሽ ግዴታ መሆኑን አንርሳ። ማስረጃ ከሌለ «አላውቅም» ማለትን እንልመድ። የጠፋ ስልክ ሌላ ይገዛል፤ ያጎደፍነውን የወንድማችንን ክብር ግን አኺራ ላይ በሐሰናታችን ነው የምንከፍለው።

ወላሁ አዕለም።