የልጆቻችን የካርድ ዕዳ

አሜሪካ ያሉ ልጆቻችን የሚልኩልን ገንዘብ አንዳንዴ የክሬዲት ካርድ ብድር መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን? 5,000 ዶላር ዕዳ በዓመት 24 በመቶ ቢታሰብበት፣ ወለዱ ብቻ በወር 100 ዶላር ገደማ ነው።

ልጅዎ «ለተወሰነ ጊዜ ወለድ ለማያስከፍል አዲስ ካርድ አመልክቼ ዕዳውን ላዛውር» ቢልዎ፣ ሐሳቡ ክፉ አይደለም። ነገር ግን ማስታገሻ እንጂ ፈውስ አይደለም። ለማዛወሪያ 3 በመቶ ቢከፍል ዕዳው 5,150 ዶላር ይሆናል፤ በ15 ወር ለመጨረስ በየወሩ 344 ዶላር ያህል መክፈል አለበት። ጊዜው ካለፈ በቀሪው ላይ ወለድ ይጀምራል። አሮጌውን ካርድ መልሶ ከሞላው ደግሞ ዕዳው ሁለት ሆነ ማለት ነው።

እባካችሁ ወላጆች፣ በእነዚያ ወራት «ለበዓል ላክልኝ» ማለቱን ትተን «ልጄ፣ ስንት ቀረህ?» እንበል።