ቤትን ጭኖ ስለ መሄድ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በአር ቪ ለምትወጡ ወገኖቻችን

ከድሬዳዋ ተነሥቶ በሽንሌና በአይሻ በኩል ወደ ጅቡቲ ድንበር የሚወርደውን ቆላ የሚያውቅ ሰው፣ በደወሌ አጠገብ ባለው ሐሩራም ሜዳ ላይ ግመሎች በአንድ መሥመር ተከታትለው፣ ከጀርባቸው ግራና ቀኝ የጎበጡ እንጨቶች ወደ ሰማይ ቀንተው ሲያልፉ ማየት ብርቅ አይሆንበትም። እነዚያ እንጨቶች ቤት ናቸው። የሶማሌ ሴት አቃል የተባለውን ቤቷን በእጇ ትሠራዋለች፣ በእጇ ትተክለዋለች፣ ዝናም ከሌላ ስፍራ በታየ ጊዜም በእጇ ነቅላ በግመል ትጭነዋለች፤ ወንዱ ግመሉን ቢስብም ቤቱ የእርሷ ነውና በአጫጫኑ ላይ የመጨረሻው ቃል የእርሷ ነው።

በባዕድ አገር የምትኖሩ ወንድሞችና እኅቶች አር ቪ፣ ማለትም መኝታና ወጥ ቤት ያለውን መኪና፣ ተከራይታችሁ ከነልጆቻችሁ ወደ ዱር ለመውጣት ባሰባችሁ ጊዜ፣ አስቀድማችሁ የምትጠይቁት መኪናው ስንት ሰው ያስተኛል፣ ቴሌቪዥን አለው ወይ፣ ማቀዝቀዣው ይበቃል ወይ የሚለውን ነው። እኔ በጅግጅጋ ያደግሁ ሰው ስለሆንሁ ይህን ጥያቄ በሰማሁ ቍጥር ትዝ የሚለኝ የዚያች ሴት አሠራር ነው፤ ምክንያቱም በጕዞ ላይ ያለ ቤት የሚመቸው ስፋቱ ስለ በዛ ሳይሆን፣ ዕቃው በሥርዓት ስለ ተጫነና ባለቤቱ የውኃውን ልክ ስለ ዐወቀ ነው።

አጫጫኑን በቅርብ ያየ ይመሰክራል። በመጀመሪያ የቤቱ መሸፈኛ የሆኑት ሰሌኖች በግመሉ ጀርባ ላይ ይነጠፋሉ፤ ይህም የእንስሳው ቆዳ በሸክሙ እንዳይላጥ ነው፣ ጀርባው የቈሰለ ግመል ጕዞውን ያስቀራልና። ከዚያ በላይ የጎበጡት እንጨቶች በሁለቱም ጐን በገመድ ይታሰራሉ፤ በመካከላቸው በሚገኘው ክፍት ቦታ የውኃና የወተት ዕቃዎች ይደረደራሉ፣ ከሁሉም በላይ ሕፃናትና ገና የተወለዱ ግልገሎች ይቀመጣሉ። ከሰፈሩ በደረሱ ጊዜ ደግሞ ነገሩ በተገላቢጦሽ ይሆናል፤ አስቀድሞ የሚወርደው እንጨት አስቀድሞ ይተከላል፣ መጨረሻ የሚወርደው ሰሌን መጨረሻ ይለብሳል። ስለዚህ የሚፈለግ ነገር ሁሉ በሚፈለግበት ሰዓት ከእጅ ይገኛል። እኛ ግን ሽሮውን፣ በርበሬውን፣ ጀበናውንና አምስት ብርድ ልብስ ያለ ቅደም ተከተል አጭቀን፣ በመሸ ጊዜ የእጅ ባትሪ ፍለጋ ቤቱን ሁሉ እንገለብጣለን።

ሸክምን በስም መከፋፈልም የቆየ ሥርዓት ነው፤ በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 4 ደብተራ ኦሪት ስትነሣ የሌዊ ልጆች ሸክም በስም ተከፍሎ ይነበባል፤ ንዋየ ቅድሳቱን የሚሸከሙት የቀዓት ልጆች፣ መጋረጃውን የጌድሶን ልጆች፣ ሳንቃውንና ምሰሶውን የሜራሪ ልጆች ነበሩ። በምዕራፍ 7ም ለጌድሶን 2 ሠረገላ፣ ሸክማቸው ለከበደው ለሜራሪ 4 ሠረገላ ተሰጠ፤ የቀዓት ልጆች ግን በትከሻቸው ስለሚሸከሙ ሠረገላ አልተሰጣቸውም። እንግዲህ ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት የእያንዳንዱ ሰው ተግባር ተለይቶ ይታወቅ፤ ታላቁ ልጅ የውኃውን ቱቦ፣ ታናሹ የመስኮትና የመሳቢያ መዝጊያውን፣ እናት የምግቡን፣ አባት የጎማውን ነፋስና የጋዙን ነገር ይያዙ። መኪና ሊነሣ ሲል ሁሉም ሁሉንም የሚጠይቅ ከሆነ፣ አንድ መሳቢያ በመጀመሪያው ኵርባ ላይ ተከፍቶ ሰሐኑን ሁሉ ያረግፈዋል።

ስለ ክብደት ሲነገር የሚዘነጋው ውኃ ነው። አንድ ጋሎን ውኃ ከ8 ፓውንድ በላይ ይመዝናል፤ 40 ጋሎን የሚይዝ ታንክ ሲሞላ ከ330 ፓውንድ፣ ማለትም ከ150 ኪሎ ያላነሰ ሸክም ይሆናል። መኪናው እንዲሸከም የተፈቀደለት ልክ ተጽፎ ተለጥፎበታልና ውኃው፣ ሰውና ዕቃው ተደምረው ከዚያ እንዳያልፉ ተጠንቀቁ፤ የጤፉን ከረጢትም ወደ ታችና ወደ መካከል አውርዱት። ያ 40 ጋሎን ብዙ መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን መታጠቢያው በደቂቃ 2 ጋሎን ቢያፈስስ ሁለት ሰዎች አሥር አሥር ደቂቃ በታጠቡ ጊዜ ያልቃል። በከተማ ያደገ ልጅ ይህን በቃል አይረዳውም፤ ታንኩ ባዶ ሆኖ ሳሙና በራሱ ላይ እንደ ቀረ ግን ወዲያው ይገባዋል። ሽንሌና አይሻ በሚገኙበት በሲቲ ዞን ቆላ ካራን የተባለውን ዝናም የሚጠብቁት ሰዎች ቤታቸውን ከመንቀላቸው በፊት ግጦሽና ውኃ የሚሰልል ሰው አስቀድመው መላካቸው ያለ ነገር አይደለም።

የመንገዱንና የሰፈሩን ስለላ በዋሽንግተን፣ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ላላችሁ ልንገር። በሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ስካይላይን ድራይቭ የተባለው 105 ማይል መንገድ ሜሪስ ሮክ በሚባለው ዋሻ ውስጥ ያልፋል፤ የዋሻው ከፍታ 12 ጫማ ከ8 ኢንች ነው። ስለዚህ የአር ቪያችሁን ቁመት በጣራው ላይ ከተቀመጠው ማቀዝቀዣ ጋር ለኩና በወረቀት ጽፋችሁ በመሪው አጠገብ ለጥፉት። በፓርኩ ሰፈሮች ውስጥ መብራትና ውኃ ከመኪና ጋር የሚገናኝበት መስመር የለም፤ ቦታም ከወራት በፊት መያዝ ይገባል። ከውጭ የሚመጣ ማገዶ በሙቀት የታከመ ካልሆነ አይፈቀድም፣ ጥቁር ድብም ስላለ የወጥ ድስት ውጭ ማሳደር ክልክል ነው። የበርበሬ ሽታ ድቡን ይጠራል ብዬ አልምልም፤ አይጠራም ብዬም አልምልም።

ከቁመት ቀጥሎ የሚታሰበው ነፋስ ነው፤ በመጀመሪያ ያነሣናት አይሻ የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለባት አገር ናት። አቃል ክብ ሆኖ ዝቅ ያለ በመሆኑ ነፋሱ ያልፈዋል፤ አር ቪ ግን ረጅምና ጠፍጣፋ ጐን ስላለው ይገፋል። ስለዚህ ነፋስ ባየለ ጊዜ ፍጥነትን መቀነስ፣ ስትተኙም ሆነ ለሽርሽር ከሰፈሩ ስትለዩ ከጐኑ የተዘረጋውን የጨርቅ ዳስ መጠቅለል ይገባል። ከሁሉ የሚበልጠው አደጋ ግን ከእኛው ልማድ ይመጣል፤ በአር ቪ ውስጥ ለቡና ብሎ ከሰል ማቀጣጠል። የከሰል ጭስ በማይታይና በማይሸት ካርቦን ሞኖክሳይድ ሰውን በእንቅልፉ ይገድላል። ቡናው በጋዙ ምድጃ መስኮት ተከፍቶ ይፈላ፣ ከሰሉና ዕጣኑ ከፈለጋችሁ ውጭ በሜዳ ይሁን፤ የካርቦን ሞኖክሳይዱም ማስጠንቀቂያ መሥራቱ ከመውጣታችሁ በፊት ይፈተሽ።

እዚህ ላይ አንድ የተለየ ነገር አለ። በቤታችሁ ካሉ ሽማግሌዎች አንዳንዶቹ የካምፕ ስም ሲነሣ ፊታቸው ይጠቍራል። ከጅግጅጋ ራቅ ብሎ በነበረው በሐርቲሼክ የስደተኞች ሰፈር፣ እ.ኤ.አ. በ1988 ተከፍቶ በ2004 እስከ ተዘጋበት ጊዜ ድረስ፣ እጅግ ብዙ ሕዝብ በጨርቅና በላስቲክ መጠለያ ኖሯል፤ በቀብሪበያህ የስደተኞች ሰፈርም ብዙዎች ልጆች አሳድገዋል። ለእነዚህ ሰዎች፣ ወጥቶ በመስክ ለማደር ገንዘብ ከፍሎ መሰለፍ ግራ የሚያጋባ ነገር ቢሆን አትዘኑባቸው። አያትን በግድ አትውሰዱ፤ ብትሄድም አልጋዋ ለብቻዋ፣ ከበሩ አጠገብና ለሌሊቱ መብራት ቅርብ ይሁን፣ መመለሻውም ቀን ከመነሻው ተነግሯት ትወቅ።

ለሁሉም፣ የመጀመሪያውን ሌሊት በቤታችሁ ደጃፍ እደሩ። ምድጃውን አቀጣጥሉ፣ ውኃውን አስሞቁ፣ ልጆቹን አስተኙ፤ የጎደለው ሁሉ ሱቅ ከመዘጋቱ በፊት ይታወቃል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጕዞ ከሁለት ሌሊት ባይበልጥ ይሻላል።

የቀረው የሽንት ቤቱ ጥቁር ውኃ ነው፤ ስለ እርሱ በትሕትና የሚናገር መመሪያ እስካሁን አላየሁም። ጥቁሩን አስቀድማችሁ፣ የእጅና የዕቃ መታጠቢያውን ግራጫ ውኃ በኋላ አፍስሱት፤ ሁለተኛው ቱቦውን እንዲያጥበው ነው። ለዚሁ ብቻ የተለየ ወፍራም የጎማ ጓንትና ቱቦ ይኑር፣ ከወጥ ቤቱ ዕቃ ጋር በአንድ ሳጥን አይግባ። በብዙ ቤተ ሰብ ይህ ሥራ ለአባት ይቀራል፤ ስለዚህ ከጋዙና ከጎማው ጋር እርሱንም ገና ስትከፋፈሉ በስሙ ጻፉት።